የጋሼ ወልደጻድቅ ዓሣዎች ድሪዕ የለበሱ ቀን

ብዙ መጻፍ አልችልም። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼ ካደጉ በኋላ ነው፤ አሁንም ረጅም ቃል ሲመጣብኝ ቆም ብዬ፣ ተንፍሼ ነው የማልፈው። በጎልማሶች ትምህርት «ስለምታውቁት ሰው ጻፉ» ስንባል ሌሎቹ ስለ ትልልቅ ሰው ጻፉ። እኔ ትልቅ ሰው አላውቅም። የማውቀው ጋሼ ወልደጻድቅን ነው። እሳቸው ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ የሰው ልብስ እያጠብኩ ነው የምኖረው። እንግዲህ እሳቸውን ልጻፍ።

ቤታችን ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር ነው። ጋሼ ወልደጻድቅ በባቡሩ ጊዜ ፉርጎ ቀቢ ነበሩ፤ አባታቸውም የባቡር ሰው። የባቡሩ ሥራ ሲቀር የሱቅ በር፣ የባጃጅ ብረት፣ የመስጊድ አጥር፣ የቤተ ክርስቲያን በር፣ ያገኙትን ሁሉ ቀቡ። ቀለም የሌለበት ነገር ሲያዩ ይከፋቸዋል። የግቢያችን በር ሰማያዊ ነው፣ የሽንት ቤቱ በር ቢጫ ነው፣ የውሻው ቤት አረንጓዴ ነው። ውሻው ከሞተ ቆየ፤ ቤቱ ግን ለፋሲካ ለፋሲካ ይቀባል። «ባዶ ቢሆንም ቤት ነው» ይላሉ።

የድሬ ሰው አንቱታ ብዙም አይሆንለትም። ልጁም ሽማግሌውም «ወልዴ» ነው የሚላቸው፤ እሳቸውም ደስ ይላቸዋል። እኔ ከጭሮ በኩል ስለመጣሁ ይሁን ስለማፍር ይሁን እንጃ፣ ጋሼ ከማለት ሌላ ከአፌ አይወጣም።

ባለቤታቸው እትዬ ማዘንጊያ ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ ከሸፈነው ብዙ ጊዜ ሆኖት ነበር። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ ከዚያ ያለፈ አያዩም።

እዚያ ቤት አኳሪየም አለ። እኛ «መስታወቱ» ነው የምንለው። ከእኔ በፊት ክፍሏን የተከራየው ናሁሰናይ የሚባል የባንክ ሠራተኛ ነበር፤ ሐዋሳ ሲዛወር ከነዓሣው ትቶላቸው ሄደ። ሦስት ዓሣ ነው። «ወርቃማ የሚባለው ዘር ናቸው። ገና ልጆች ስለሆኑ ነው አመድ የመሰሉት፤ ሲያድጉ ቀለማቸው ይወጣል» ብሏቸው ነበር። አደጉ። እንደ እጅ ጣት ሆኑ፣ ከዚያም በለጡ። አመድ እንደመሰሉ ቀሩ።

እትዬ ማዘንጊያ ሁልጊዜ መስታወቱ አጠገብ ይቀመጣሉ። አየር የምትነፋዋ ሞተር ጉልጉል ስትል ያዳምጣሉ። በጥፍራቸው ጠቅ ጠቅ ሲያደርጉ ዓሣዎቹ ወደ ላይ ይመጣሉ፤ ጣታቸውን ውሃው ላይ ሲያደርጉ ይስሙታል። አንድ ቀን «ወልዴ፣ ቀለማቸው ወጣ?» ብለው ጠየቁ።

«ወጣ እንጂ» አሉ ጋሼ።

ነገሩ እንዲህ ነው የተጀመረው። «አንዱ ቀይ ነው፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ሰማያዊ» አሉ። እዚያም ላይ አላቆሙ፤ «ሥሩ ያለው ጠጠር ደግሞ የሐረር ስፌት ነው የሚመስልሽ» አሉ። እትዬ ማዘንጊያ ስም አወጡላቸው። ቀዩ ሙሽራው፣ ቢጫው ማንጎ፣ ሰማያዊው ባጃጅ። ጠዋት ሲነሱ «ሙሽራው በላ?» ነው የመጀመሪያ ቃላቸው። ቀስ በቀስ ግቢው በሙሉ ገባበት። ጎረቤታችን ሁዶ እንኳ፣ ቀፊራ ገበያ ድሪዕ የሚባለውን ሰፊ ስስ ቀሚስና ሻሽ የምትሸጠዋ፣ በበሩ ስታልፍ «ሙሽራው ሆዳም ነው፣ የማንጎን ቀምቶ በላ» ትላለች። እትዬ ሲስቁ ቤቱ ስለሚሞቅ ማንም እውነቱን መናገር አልፈለገም።

ከዚያ ሆስፒታል «ሞራው ይነሳል» ተባለ። አንዱ ዓይን በመጀመሪያ፣ ሌላው በኋላ።

እትዬ የሚሄዱ ለት እህታቸው ሊያደርሷቸው ከሐረር መጡ። ጋሼ ልከተል ሲሉ እትዬ ከለከሉ።

«አንተ ሆስፒታል ስትገባ የምትታመመው አንተ ነህ» አሏቸው። «ቤት ሁን። ዓሣዎቼን ጠብቅ። ነገ ስመለስ መጀመሪያ የማየው ሙሽራውን ነው፣ ቀጥሎ አንተን።»

ባጃጁ ሲሄድ ጋሼ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። እኔ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ፊታቸው ሲጠወልግ አየሁት።

«የምሥራች» ብለው በስሜ ጠሩኝ። «ነገ ታያለች እኮ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን ነው እንጂ ጋሼ።»

«ይመስገን። ግን ታያለች። ሦስት አመድ ዓሣ ነው የምታየው። ምን ልላት ነው? ስንት ዘመን ዓይኗ ሆኜ… ከዛሬ ወዲያ ‘ይሄ ግድግዳ ነጭ ነው’ ብላት እንኳ የምታምነኝ ይመስልሻል?»

ሸሚዝ አራግፌ ሰጣሁ።

እሳቸው ወደ ቀፊራ ሄዱ። ሲመለሱ በአንድ እጃቸው የጠጠር ከረጢት ይዘዋል፤ ደቻቱ ወርደው የለቀሙት ነው። ከደረት ኪሳቸው ደግሞ በላስቲክ የተጠቀለለ ዱቄት አወጡ። ለሠርግ ሩዝ ቀይና ቢጫ የሚያደርጉበት ከለር ነው፤ ድሬ ሠርግ የበላ ሁሉ ያውቀዋል።

«የዘይት ቀለም መርዝ ነው፣ አርባ ዓመት አሽትቼዋለሁ፣ እሱን አላደርግም» አሉኝ። «ይሄ ግን የሚበላ ነው። ሰው በልቶት ያልሞተ፣ ዓሣ ምን ያደርገዋል? ዓሣው ይጠጣዋል፣ ቀይ ይሆናል።»

ለእኔም ትክክል መሰለኝ። የሠርግ ሩዝ በልቶ የታመመ አላውቅም።

ቆንጥረው ጨመሩ። ውሃው እንደ ደም ክር እየተዘረጋ ቀላ። እኔ ቀላ ብዬ ሳስብ እሳቸው ተጠግተው አዩና «ገና ነው፣ አልያዘም» አሉ። ደግመው ጨመሩ። እኔ «ጋሼ፣ ይበቃ ይሆን?» ብል፣ ድምፄ ትንሽ ስለሆነ አልሰሙኝም። ሦስተኛ ጨመሩ። ያን ጊዜ መስታወቱ ቪምቶ የተሞላ ብርጭቆ መሰለ። ዓሣዎቹ ጠፉ። ቀይ አይደለም የሆኑት፣ ጭራሽ አይታዩም።

ትንሽ ቆይተው ሦስቱም ላይ ወጡ። አፋቸውን ከውሃው አውጥተው ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ጣት ሲመጣ እንደሚያደርጉት አይደለም። ጣት የለም።

ጋሼ ወንበር ላይ ተቀመጡ። «ገደልኳቸው» አሉ። «ቀለም ላይ የምኖር ሰው፣ በቀለም ገደልኳቸው።»

ሁዶ በዚያ ሰዓት ነው ከገበያ የተመለሰችው። የጨርቅ ጥቅሏን እንደተሸከመች ገባች፣ መስታወቱን አየች፣ ጥቅሉን ከመስታወቱ ጀርባ ባለው አግዳሚ ላይ ጣለችው።

«አቦ ወልዴ፣ ምንድነው ይሄ? ሸርባት መሸጥ ጀመርክ?»

«ሁዶ አትቀልጂ። እየሞቱ ነው።»

«ታዲያ ምን ትቀመጣለህ? ለባለቤቱ ደውል። ለዚያ ለባንኩ ልጅ።»

ጋሼ ስልካቸውን አውጥተው ወደ እኔ ዘረጉት። «የናሁሰናይን ፈልጊልኝ፣ መነጽሬን የት እንደጣልኩት እንጃ» አሉ። እኔ እሳቸው መነጽር ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም። ግን አልጠየቅኩም፤ ሐሳቤ ሁሉ ስሙን ማንበብ ላይ ነበር። «ና»ን አገኘሁ፣ «ሁ»ን አገኘሁ፣ ደወልኩ።

ሁዶ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ናሁሰናይ መጀመሪያ ሳቀ፣ የጋሼን ትንፋሽ ሲሰማ ሳቁን ተወው።

«ወልዴ፣ ስማኝ። ዓሣዎቹን ከውስጥ አታውጣ። ግማሹን ውሃ ቅዳና ድፋ፣ በሌላ ውሃ ተካ። ትንሽ ቆይተህ እንደዚያው ድገም፣ እስኪጠራ። አንዴ ሁሉንም ብትቀይረው ይደነግጣሉ። እና ከቧንቧ አሁን የወረደ ውሃ እንዳታደርግ፤ ክሎሪን አለበት። ያደረ ውሃ ነው የሚያስፈልግህ።»

ሁዶ በስልኩ ላይ ሳቀች። «ወላሎ፣ ወንድሜ፣ ድሬን ረሳሃት እንዴ? ቧንቧችን በተራ ነው የሚመጣው። ያላደረ ውሃ ያለው ማነው እዚህ?»

እውነቷን ነው። እያንዳንዱ ቤት በርሜል አለ። ያን ቀን ያ በርሜል ሁሉ ለዓሣ ሆነ። ጎረቤት በጀሪካን ውሃ ይዞ መጣ። እኔ ባልዲዎቼን ላመጣ ሮጬ፣ መንገድ ላይ ቆምኩ፤ ሳሙና የኖረባቸው ናቸው። ተመልሼ «የእኔ አይሆኑም፣ ሳሙና አላቸው» አልኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ ፊቴ ጋለ። ጋሼ ግን «ጎሽ የምሥራች» አሉ። ሁዶም የራሷን ጀሪካን አሽታ ወደ ኋላ አስቀመጠችው።

«የግመል ወተት ነበረበት» አለች። «ዓሣው ሱስ ይዞት ነገ የግመሎቹ አገር ጀልዴሳ ውሰዱኝ እንዳይል።»

ፀሐይ ላይ የዋለው በርሜል እንደ ሻይ ይሞቃል፤ እሱንም ተውነው። ከጥላው ብቻ ቀዳን። ጋሼ በኩባያ ቀስ እያሉ፣ የታመመ ሰው እንደሚያጠጡ አድርገው በመስታወቱ ጠርዝ አፈሰሱ። ቪምቶው ሮዝ ሆነ። ቆየን፣ ደገምን። ሮዙ የጽጌረዳ ውሃ መሰለ። ቆየን፣ ደገምን። ባጃጅ የምንለው ወደ ታች ሰመጠ፤ ሞተ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሁዶ ክንዴን ያዘችኝ። «ተመልከቺ፣ መሬቱን እየለቀመ ነው። ርቦታል።» ሌሎቹም ተከተሉት።

ጋሼ እጃቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ቆዩ። ሲያነሱት እየሳቁ ነበር። ቀጥሎ ግን መስታወቱን አዩና ሳቁ ቀረ።

«ተርፈዋል። አመድ ሆነው ተርፈዋል» አሉ።

ናሁሰናይ ደግሞ ደወለ። ጋሼ ስለ ደቻቱ ጠጠር ነገሩት፤ ቀብተው ሊጨምሩት እንዳሰቡ።

«አትቀባው» አለ። «ውሃ ውስጥ የሚገባ ነገር ሁሉ የራሱ ቀለም ብቻ ይኑረው። ጠጠሩ ላይ ሎሚ ጠብ አድርግ፤ አረፋ ካወጣ ተወው፣ ውሃውን ይለውጣል። ካላወጣ በፈላ ውሃ እጠበውና ጨምረው።»

ሎሚ ተቆረጠ። ግቢው በሙሉ ደጃፍ ቁጭ ብሎ ጠጠር ላይ ሎሚ ይጨምቃል። የሚያልፍ ሰው «ምንድነው፣ ጠጠር ልትጠብሱ ነው?» ይለናል። ግማሹ አረፋ ደፈቀና ተጣለ። የቀረውን ጋሼ አጥበው መስታወቱ ውስጥ ከሥር አነጠፉት። እኔ ደቻቱን በየቀኑ ነው የምሻገረው፤ ደረቅ ስለሆነ ግራጫ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ውሃ ሲነካው አንዱ ጉበት መሰለ፣ አንዱ አረንጓዴ ወጣው፣ አንዱ ነጭ መስመር አለው። የሐረር ስፌት ነው ለማለት ይከብዳል። የተተረተረ የሐረር ስፌት ግን ይመስላል።

ሁዶ ወደ ቤቷ ልትሄድ ጥቅሏን ከአግዳሚው ልታነሳ ጎተተችው። ቋጠሮው ተፈታና አንድ ብርቱካንማ ድሪዕ፣ ወርቅ ጥለት ያለው፣ በመስታወቱ ጀርባ ተዘረጋ።

እኔ ከፊት ለፊት ነበርኩ። ውሃው ከጫፍ እስከ ጫፍ ብርቱካን ሆነ። ዓሣዎቹ በዚያ ላይ ሲያልፉ ጎናቸው ያበራል። «ሁዶ፣ አታንሽው» አልኩ። እንዴት እንደጮኽኩ አላውቅም።

ሁሉም ወደ ፊት ዞረው መጡ። ሁዶ «ዋላሂ፣ ዓሣው ድሪዕ ለበሰ» አለች።

ጋሼ ደስታቸው ብዙ ስለሆነ ይባስ ሊያሳምሩት ፈለጉ። ጫፉን ይዘው «ውስጥ ብናስገባው ደግሞ የበለጠ…» ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ።

«ይለቃል ጋሼ» አልኩ።

«ማን? የእኔ ጨርቅ?» አለች ሁዶ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።

ሁዶን እፈራታለሁ። ግን የሰው ልብስ ነው የማጥበው። «አዎ፣ የአንቺ» አልኳት። «ከአንቺ የተገዛ ቀይ ሻሽ የአንድ ሰውዬ ነጭ ሸሚዝ አበላሽቶብኛል።»

ሁዶ አፏን ከፍታ ቀረች፣ ከዚያ እስክትወድቅ ሳቀች። «ይቺ ዝምተኛ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ አፏ ውስጥ ይዛው ነበር» አለች። ድሪዑ ውጭ ቀረ። ጋሼ በቀጭን እንጨት ወጠሩትና ከመስታወቱ ጀርባ አቆሙት፤ ውሃ የሚነካው ምንም የለም። ሁዶ ከብርቱካኑ አጠገብ ሰማያዊም ጨመረች፣ ለባጃጅ ብላ።

በማግስቱ ጠዋት ባጃጁ መጣ። እትዬ ማዘንጊያ ጥቁር መነጽር አድርገው ወረዱ። ከሆስፒታል ጀምሮ ዝም አላሉም አሉ እህታቸው፤ የሱቁን ጽሑፍ፣ የፍየሉን ቀንድ፣ የሰዉን ጫማ፣ ያዩትን ሁሉ እየጠሩ ነው የመጡት። እንዳይጎነበሱ ስለተነገራቸው መስታወቱ ፊት ወንበር አደረግንላቸው።

ጋሼ ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተው ጥግ ቆመዋል።

እትዬ በጥፍራቸው ጠቅ ጠቅ አደረጉ። ዓሣዎቹ መጡ። ጉልጉል የምትለዋን ሞተር አዩ፣ ጠጠሩን አዩ፣ ቆዩ።

«ወልዴ» አሉ። «ሙሽራው የትኛው ነው?»

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሙሽራው…» አሉ። «ማዘንጊያ፣ ቀዩ ከጀርባው ነው። ጨርቁ ነው። የሁዶ ነው። ዓሣዎቹ አመድ ናቸው። ድሮም አመድ ነበሩ።»

ሁዶ የተወጠረውን ጨርቅ ጫፍ አስተካከለች።

እትዬ ወደ ጋሼ ዞሩ። «ና ወደዚህ። ኮፍያህን አውልቅ።»

አወለቁ።

«ፀጉሬ ጥቁር ነው ብለኸኝ አልነበር?»

«ትንሽ… ወደ ጆሮው አካባቢ…»

«ጥጥ ነው እኮ የሆነው። ሌላስ? ግድግዳውስ? ውሻውስ በእርግጥ ሞቷል?»

ያን ጊዜ ሁዶ ፈነዳች፣ እህታቸውም፣ እትዬም ራሳቸው እየሳቁ ዓይናቸው እንዳይጎዳ ጉንጫቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «አታስቁኝ፣ እንዳታስቁኝ ተብሏል» ይላሉ፤ ይስቃሉ። ጋሼ መሀል ላይ ቆመው ጥጥ የሆነ ፀጉራቸውን ያካሉ። ያን ያህል ቀሎት የቆመ ሰው አይቼ አላውቅም።

ሳቁ ሲበርድ እትዬ ወደ መስታወቱ ተመለሱ። ሲያዩ፣ ሲያዩ፣ «ይሄኛው ግን አመድ አይደለም» አሉ። «ሆዱ ሥር ወርቅ አለው። ይኸው፣ ሲዞር።»

ሁዶ ጎንበስ አለች። «አለው። ዋላሂ አለው።» እኔም ጎንበስ አልኩ። የጨርቁ መስሎኝ ድሪዑን ገለጥ አደረግኩት፤ ከሆዱ ተነስቶ እንደ ክር ወደ ጎኑ የወጣ ወርቅ ቀለም እዚያው ነበር። ማንጎ ነበር። ናሁሰናይ እንዳለው ቀለሙ እየወጣ ነው። መቼ እንደጀመረው እንጃ፤ ጠጋ ብሎ ያየው ሰው አልነበረም።

«የታል?» አሉ ጋሼ። አፍንጫቸው መስታወቱን እስኪነካ ተጠጉ። «የቱ ጋ ነው? እኔ ምንም አላይም።»

እትዬ ማዘንጊያ ቀስ ብለው ዞረው አዩዋቸው። «ወልዴ፣ የምሥራች እጅ ላይ ያለው ምን ቀለም ነው?»

በእጄ የያዝኩት የድሪዑ ጫፍ፣ ሰማያዊው ነበር።

ጋሼ ትንሽ አሰቡ። «ጠቆር ያለ ነገር ነው» አሉ።

«በል ተነስ» አሉ እትዬ። «ሰኞ ለእኔ ምርመራ ስሄድ አብረኸኝ ትሄዳለህ። ቆይ አሁን እኔ ልንገርህ። ማንጎ ሆዱ ወርቅ ነው። ባጃጅና ሙሽራው ለጊዜው አመድ ናቸው፣ ግን አያስቀይሙም።»

ሰኞ ሲመረመሩ የጋሼም ሞራ ሆኖ ተገኘ፣ ገና የጀመረ። ለጊዜው መነጽር ሰጧቸው። ሁዶ ገበያ ያልወጣለትን ድሪዕ ሁሉ ለመስታወቱ ታውሰናለች፤ እትዬ ይመርጣሉ፣ «ይሄ ለማንጎ አይሄድም፣ መልሺው» ይላሉ፣ ሁዶ ትነጫነጫለች፣ ሌላ ታመጣለች። ዓሣ ለማየት የመጣች ሴት ሁሉ ጨርቁን ጠይቃ ስለምትሄድ ንጭንጯ የእውነት አይደለም።

ጋሼ መነጽሩን ያደረጉ ለት እኔ ደጅ እያጠብኩ ነበር። ከባጃጁ ወርደው ሰማያዊውን በር ከፈቱ፣ ግቢውን ዙሪያውን አዩ፣ የውሻው ቤት ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይሄን እንዲህ አዝጎርጉሮ የቀባው ማነው?» አሉ።

እኔ ልብሱን ማሸት ቀጠልኩ።

«አንድ ፉርጎ ቀቢ ነበር፣ ዓይኑ አያይም» አለች ሁዶ ከበሩ።

ጋሼ መነጽሩን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉና ብሩሽ ሊያመጡ ገቡ።